አሥራ አራት ዕቃ ለአንድ ፒፓ?

የዛሬው ደብዳቤ ከድሬዳዋ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? አንተ ስልህ አትቀየመኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ 36 ነው። አያቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ከሞተ ቆየ። በቀደም የእናቴን ቤት ስናጸዳ ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ፒፓው ወጣ። አንገቱ ላይ በፈረንሳይኛ ‹ብሩየር› የሚል ተቀርጾበታል። በአፍ የሚያዘው ጥቁሩ ክፍል ወደ አረንጓዴ ሄዷል፤ ጥርስ የነከሰበት ቦታም ያስታውቃል። በ1998ቱ ጎርፍ ሣጥኑ ውኃ ገብቶበት ነበር ብላኛለች እናቴ። እኔ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ግን ማታ ማታ ነፈስ ሲል ግቢ ቁጭ ብዬ እንደ አያቴ ፒፓ ማጨስ አምሮኛል። ኢንተርኔት ላይ ለጀማሪ ያስፈልጋል የሚባለውን ስሰበስብ 14 ዕቃ ሆነ። ጀርመን ያለችው እህቴ ‹ምረጥና ሰው ሲመጣ እልካለሁ› ብላለች። የቱን ላስልክ? የጥርሱንስ ምልክት አስሞርጄ ላስጠፋው? ባለቤቴ ደግሞ ‹ጭሱ ቤቴ አይገባም› ብላለች። የሦስት ዓመት ልጅ አለን።

የባቡር ልጅ፣ ከደቻቱ ዳር»

ወንድሜ፣ ምን ቅያሜ አለው! እኔ የምኖረው ሐረር ነው። ደንገጎን የወረደ ሰው አንቱታውን ዳገቱ ላይ ትቶት እንደሚወርድ አውቃለሁ።

ዝርዝርህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቆዳ ቦርሳ አለ። ስድስት ፒፓ የሚይዝ ማስቀመጫ አለ፤ ያለህ ግን አንድ ፒፓ ነው። መሐሉ ላይ ቡሽ ያለው መተርኮሻ፣ እንደ ችቦ የሚነድ ላይተር፣ የእንጨት ማወልወያ ሰም፣ ፊልተር በፓኬት፣ ቫኒላ የሚሸት ትምባሆ፣ ሁለት አዳዲስ ፒፓ። አቦ፣ ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ? ከ14ቱ ውስጥ ከውጭ ማስላክ የሚገባህ አንድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ዝርዝርህ ላይ የሌለ አንድ ዕቃ እጨምርልሃለሁ፣ ትምባሆውንም እለውጥልሃለሁ። በቃ ሦስት። የቀረው ወይ እቤትህ አለ፣ ወይ አያስፈልግም፣ አንዱ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የማይጥምህን ነገር ልናገርና ልገላገል።

እኔ ፒፓ ያጨስኩት 11 ዓመት ነው። አሁን አላጨስም። ያቆምኩት ጥርስ ላስነቅል ሄጄ ነው። ሐኪሟ አፌን አስከፍታ ጥርሱን ትታ ላንቃዬን ማየት ጀመረች። «ፒፓ ታጨሳለህ?» አለችኝ። የያዝኩት ነገር የለም፤ ማን ነገራት? መስታወት ሰጥታ አሳየችኝ። ላንቃዬ ነጥቷል። በነጩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። የፒፓ ሰው ላንቃ ከጭሱ ሙቀት የተነሣ እንዲህ እንደሚሆን ነገረችኝ። ካቆምክ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል አለች። አቆምኩ፣ ጠፋ። እኔ ዕድለኛ ነኝ፤ ማንም ሳይነግራቸው የሚቆዩ አሉ።

«ፒፓ ወደ ሳንባ አይሳብም፣ ስለዚህ አይጎዳም» የሚሉህ ይኖራሉ። ልምድ ያለው ሰው ጭሱን አፉ ውስጥ ይዞ እንደሚያወጣው እውነት ነው። ግን የፒፓ ጭስ አሲድነቱ ከሲጋራው ያነሰ ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ሱሱ ሳንባ አይጠብቅም። የከንፈር፣ የምላስ፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰርም ከፒፓ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው። ፊልተር ይህን አያስቀርም። አንተ አጭሰህ የማታውቅ ሰው ነህ። ወንድሜ ብትሆን «ፒፓውን አጽዳው፣ ያዘው፣ አትለኩሰው» እልህ ነበር። ለአንተም የምልህ ይህንኑ ነው። ግን 36 ዓመት ትንሽ ዕድሜ አይደለም፣ ውሳኔውም የራስህ ነው። ጥያቄህን ጠይቀሃል፤ መልሱን አልከለክልህም። ይህን ጉዳይ ሁለተኛ አላነሣውም።

ወደ ዕቃው እንምጣ። መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለውን እወቀው። «ብሩየር» የፋብሪካ ስም እንዳይመስልህ። የእንጨቱ ስም ነው። ተክሉ ኤሪካ አርቦሪያ ይባላል፤ እኛ አስታ እንለዋለን። አዎ፣ ያ ሰሜን ተራሮችና ባሌ ላይ የምናውቀው አስታ! ለፒፓ የሚፈለገው በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅለው ነው። የሚቆረጠውም ከግንዱ አይደለም። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አፈር ውስጥ የሚያብጥ ጉብ ያለ ነገር አለው። ያንን ቆፍረው ያወጣሉ። ይቆራርጡታል፣ ለሰዓታት ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያደርቁታል። እንጨት ሆኖ ሳለ ሆዱ ውስጥ እሳት ሲነድ የሚችለው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ዡራ ተራሮች ላይ ሴን ክሎድ የምትባል ከተማ አለች። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በብሩየር ፒፓ የታወቀች ናት። ድሬ ደግሞ በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ አብራ የተወለደች ከተማ ናት። ባቡሩን የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው፤ የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያለ መንገድም የእነሱ እጅ አለበት። የአያትህ ፒፓ በዚያው መስመር ቢመጣ አይገርመኝም።

ስለዚህ ሁለቱን አዳዲስ ፒፓ ሰርዛቸው። በርካሽ የሚሸጠው አዲስ ፒፓ ብዙ ጊዜ ወፍራም ቫርኒሽ የተቀባ ነው። ሲሞቅ ቫርኒሹ ይፈነዳል፣ ጣትህንም ይለበልብሃል። ከዚያ ይልቅ አንዴ በደንብ የጸዳ አሮጌ ብሩየር ይሻላል።

ያሳሰበኝ ጎርፉ ነው። ውኃ ጠጥቶ በድሬ ሙቀት የደረቀ እንጨት ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይዘኸው ውጣና ቀስ ብለህ እያዞርክ እየው። በተለይ አንገቱ ትምባሆው ከሚነድበት ጎድጓዳ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታና የጎድጓዳውን ከንፈር ዙሪያ። መስመር ካየህ ጥፍርህን አሳልፍበት። የእንጨቱ ተፈጥሯዊ መስመር ጥፍር አይዝም፣ ስንጥቅ ግን ይይዛል። ማታ ደግሞ ክፍሉን አጨልምና የስልክህን መብራት ከላይ ወደ ጎድጓዳው አብራበት። በጎኑ ብርሃን ከወጣ የዚያ ፒፓ የማጨስ ዘመን አብቅቷል። መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው።

ደህና ከሆነ ወደ ጽዳት። ጥቁሩን መሳቢያ፣ በአፍ የሚያዘውን ክፍል ማለቴ ነው፣ ከአንገቱ አላቀው። አንዳንድ አሮጌ የፈረንሳይ ፒፓ መሳቢያው ውስጥ ትንሽ ብረት ይገኝበታል፤ ካለ አውጣው፣ ባይመለስም አይጎድልህም። መሳቢያው አልላቀቅ ካለ አትታገለው። በላስቲክ ጠቅልለህ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅህ የበረዶ ክፍል ውስጥ አስገባው። ሲቀዘቅዝ ኩምትር ስለሚል ይለቃል። ከዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያዞርክ ሳብ።

በሞቀበት ግን በፍጹም እንዳትነካው። እኔ አንድ ማታ እንግዶች ፊት ውስጡን ላሳይ ብዬ ገና ትኩስ ፒፓ ጠመዘዝኩ። ቀጭ አለ። ድምፁ እስካሁን ይሰማኛል። አንገቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። እንግዶቼ ጨዋዎች ስለሆኑ ወሬ ቀየሩ።

ጎድጓዳው ውስጥ ጥቁር ቅርፊት ታገኛለህ። የዓመታት ከሰል ነው። ከዝርዝርህ ውስጥ ይህን መፋቂያ የሚል መሣሪያ አለ፤ አትግዛው። የብርጭቆ ወረቀት ጣትህ ላይ ጠቅልለህ ቀስ እያልክ አዙር። ጫፉ የሾለ ቢላዋ አትጠቀም፣ ታቹን ይቦረቡረዋል። ሁሉንም ከሰል ግን አታንሳ። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር የሚሆን ይቅር፤ እንጨቱን ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ነው። ከዚያ ጎድጓዳውን በጥጥ ሙላና ጥጡን በአልኮል አርሰህ አሳድረው። የመድኃኒት ቤቱ አልኮል ይሻላል። ካጣህ ጠንካራ ካቲካላም ይሠራል፤ ለእንጨቱ ካቲካላ ማጠጣት የሚያስቅህ ከሆነ ሳቅ፣ እኔም ስቄያለሁ። ጠዋት ጥጡ እንደ ቡና ጠቁሮ ታገኘዋለህ። ነጭ ሆኖ እስኪያድር ድረስ ድገመው። አልኮሉ የውጪውን ቀለም እንዳይነካ ተጠንቀቅ፣ ያነሣዋል። ሲያልቅ ደግሞ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ።

መሳቢያው አረንጓዴ የሆነው ሻጋታ አይደለም። የዚያ ዘመን መሳቢያ ኢቦናይት ከሚባል ጠንካራ ጎማ ነው የሚሠራው፤ ፀሐይና አየር ሲያገኘው እንዲህ ይለውጠዋል። በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ እያሸህ ታገስ። አንድ ምሽት ሙሉ ይወስዳል። ካጸዳኸው በኋላ መስኮት ላይ አታስቀምጠው፤ የድሬ ፀሐይ በሳምንት መልሶ ይወስደዋል።

እስካሁን አንድም ነገር አልገዛህም፣ አይደል?

አሁን እህትህ የምትልካቸው። የመጀመሪያው የፒፓ ማጽጃ ሽቦ ነው። ቀጭን ሽቦ ሆኖ ዙሪያውን ጥጥ የተጠመጠመበት። ከዝርዝርህ ውስጥ ያለዚህ ፒፓ አይያዝም የምልህ ዕቃ ይህ ብቻ ነው፤ አንተ ግን አሥራ ሦስተኛ ላይ ጽፈኸዋል! አንድ ጊዜ በተጨሰ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ በመሳቢያው አስገብተህ እስከ ጎድጓዳው ታደርሰዋለህ። ርጥበትና ጥቁር ቅባት ይዞ ይወጣል። ይህን ያልለመደ ሰው ፒፓው በወሩ ይመርራል፣ ከዚያ «ፒፓ አይጥምም» ይላል። ብዙ ትላክልህ። የሕፃናት ዕደ ጥበብ መሥሪያ የሆነውን ባለ ቀለሙን ግን አደራ እንዳትገዛ፤ እሱ ፕላስቲክና ማቅለሚያ ነው።

ሁለተኛው አንተ ያልጻፍከው ነው። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራ ፒፓ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሰው ዓይን አይስብም። አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ዋሽንግተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ይሠሩባታል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱ አሜሪካዊ ጄኔራል ማክአርተር ፎቶው ላይ የሚይዘው ረጅሙ ፒፓ የቆረቆንዳ ነው። ስህተትህን ሁሉ በእሱ ላይ ሥራ። ብታቃጥለው አይቆጭህም። የአያትህን ፒፓ መማሪያ አታድርገው።

«ቆረቆንዳ እኮ ሐረርጌ ሞልቷል» ትለኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ጎረቤቴ በቆሎ ስትፈለፍል አንዱን ወፍራም ለመንኳት። በቢላዋ ቦረቦርኩት፣ የሸምበቆ መሳቢያ ሰካሁበት፣ ግቢ ወጥቼ ለኮስኩ። የመጀመሪያው ደህና ነበር። በሁለተኛው ጭሱ በጎን ወጣ፤ ጣቴን ሳነሳ የበቆሎው ሆድ ቀዳዳ ሆኗል። ጎረቤቴ «ጠብሰህ ልትበላው ነው እንዴ?» አለችኝ። በኋላ እንደገባኝ የሚዙሪዎቹ በቆሎ ለዚሁ ተብሎ የሚዘራ፣ ቆረቆንዳው ወፍራም የሆነ ዘር ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ያደርቁታል። ውጪውንም በጄሶ ይደፍኑታል።

ሦስተኛው ትምባሆው። ቫኒላውን ሰርዘው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112/2011፣ ጣዕም የተጨመረበትን የትምባሆ ምርት ከልክሏል። ቫኒላ፣ ቼሪ፣ ቸኮሌት የሚሉት ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ጣዕም ያልተጨመረበት አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ በቂ ናት፤ የጉምሩኩን ነገር የሚያመጣው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ለእህትህ «በርሊ የበዛበት» በላት። በርሊ ስኳሩ ትንሽ ነው፣ ምላስ ላይ ገር ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው ጣፋጭ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ከሳብከው ግን ምላስ ይለበልባል። ላታኪያ የሚባል ደግሞ አለ፣ ቅጠሉ በጭስ የታጠነ። ሽታው በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ያስታውሰኛል። እኔ እወደው ነበር። ባለቤትህ ግን አንተንም ፒፓውንም አብራ ታስወጣለች።

ሲጋራ ፈርፍሮ ፒፓ ውስጥ መክተት የሚያስብ አለ። አይሆንም። የሲጋራ ትምባሆ በቀጭኑ ስለተከተፈ እንደ ገለባ ይነዳል፣ ያቃጥልሃል። ገበያ ላይ ለጋያ የሚሸጠው ቅጠልም ለዚህ አይሆንም። የጋያው ጭስ በውኃ አልፎ ነው የሚመጣው፤ በደረቅ ፒፓ ሲሳብ ጉሮሮ ይልጣል።

ፊልተሩን ተወው። ጀርመን የሚሸጠው አብዛኛው 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ፒፓ ይፈልጋል። የአያትህ ፒፓ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም።

እሳቱ ክብሪት ይሁን። ከለኮስክ በኋላ ድኝዋ ተቃጥላ እስክታልቅ አንድ ሁለት ብለህ ቁጠር፣ ከዚያ ወደ ፒፓው። ተራ የጋዝ ላይተርም ይሆናል። የቤንዚኑ ላይተር ግን ሽታ ያስገባል። ያ እንደ ችቦ የሚነደውማ የፒፓውን ከንፈር አክስሎ ነው የሚተውህ።

የትምባሆ መጠቅጠቂያን በተመለከተ ትንሽ ልቆይበት፣ የምወደው ዕቃ ነው። ዝርዝርህ ላይ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ሦስት ነገር በአንድ የያዘ አለ። ጥሩ ነው፣ አልዋሽህም። ግን እኔ 11 ዓመት የተጠቀምኩት ብሎን ነው። ከአንድ ጋራዥ የለመንኩት፣ ራሱ የትንሿ ጣት ጥፍር የሚያህል። ሐረር ጁገል በር አጠገብ ለሚሠራ ብረት ቀጥቃጭ ይዤለት ሄድኩ። «ራሱን ደልድልልኝ፣ ጠርዙ እንዳይቆርጥ» አልኩት። ሞረደ፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ እንደገና ሞረደ። «ለምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ይህን ያህል ጊዜ ካለህ ቡና ጋብዘኝ» አለኝ። ጋበዝኩት። ብሎኑ አሁንም የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ራሱ እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው።

ይህን ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። የጋራዥ ሰው መጠቅጠቂያ የሚገዛ አይመስለኝም። ያቺን የቆርቆሮ ሣጥን ደግመህ ፈትሻት። ከታች «ምናምን» ብለህ የተውከው ብሎን ወይም ምስማር ካለ፣ ራሱ ብቻ ጠቁሮ ካገኘኸው፣ አትጣለው።

ማስቀመጫ እቤትህ አለ። ክዳኑ ጎማ ያለው የማር ብርጭቆ ዓይነት። ሽታው እስኪለቅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ በመሐላቸው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትምባሆ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ወዳጄ ቤት ከዚራ አድሬ ቆርቆሮውን ክፍት መስኮት ላይ ረሳሁት። በነጋታው ስነካው እንደ ደረቀ ጌሾ ተሰባበረ። እንዲህ ሲሆን የፖም ወይም የድንች ቁራጭ ክተትበት ይሉሃል። እሽ አትበል፣ ይሻግታል። የተሰበረ ጀበና ካለህ ትንሽ ስባሪ ውሰድ። ሩብ ሰዓት ውኃ ውስጥ አቆየው፣ ላዩን አድርቀህ ከትምባሆው ጋር ብርጭቆው ውስጥ ክተት። በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። ልኩን በእጅ ታውቀዋለህ፤ ጨምቀህ ስትለቀው ቀስ ብሎ የሚፈታ፣ የማይሰበር፣ የማይጣበቅ።

አሞላሉን የፒፓ ሰዎች በሦስት እጅ ይሉታል። መጀመሪያ እንደ ሕፃን እጅ፣ ቀጥሎ እንደ ሴት እጅ፣ መጨረሻ እንደ ወንድ እጅ። የሐረርጌን ሴት እጅ የሚያውቅ ሰው ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያምታታል። ለማንኛውም ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ ነው ነገሩ። ሳትለኩስ ሳበው። በስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ከሆነ ልክ ነው። አስቸገረኝ ካልክ አራግፈህ እንደገና ሙላ። ስትለኩሰው ላዩ ያብጣል፤ በመጠቅጠቂያው ነካ አድርገህ ደልድለውና ዳግመኛ ለኩስ። ከዚያ ቀስ። በጣም ቀስ። ቢጠፋ ይጥፋ፣ ክብሪት አለህ። ጎድጓዳውን ጉንጭህ ላይ አስጠግተህ የሚፈጅህ ከሆነ ቸኩለሃል ማለት ነው፤ አስቀምጠው። በመሐል ቁጢ፣ ያን የቡና ቅጠል ሻይ፣ ፉት እያልክ አፍህን አርጥብ። ሲያልቅ ፒፓውን ድንጋይ ላይ አታንኳኳ፤ መዳፍህ ላይ መታ መታ አድርገው። ያን ባለ ቡሽ መተርኮሻ የሰረዝኩት መዳፍ ስላለህ ነው። አንድ ቀን ያጨስክበትን ፒፓ በማግስቱ አትድገመው፣ እንጨቱ ይድረቅ።

ባለቤትህ ልክ ናት። ልጅ ባለበት ቤት ጭስ አይገባም፤ መስኮት መክፈት አይበቃም። ግቢ ውጣ። ከገባህ በኋላም ልጁን ከማቀፍህ በፊት ሸሚዝህን ቀይር፣ እጅህን ታጠብ። በርጫ ቤት ደግሞ ይዘኸው እንዳትሄድ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የአንተን ጭስ አሥር ሰው ይስበዋል። ካፌና ምግብ ቤት ውስጥ ማጨስ ደግሞ በዚያው አዋጅ የተከለከለ ነው።

የቀረው የጥርሱ ምልክት ነው። ማጥፋት ይቻላል። ኢቦናይት ሲሞቅ የተጎዳው ቦታ ወደ ነበረበት ያብጣል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንሽ ካቆየኸው ግማሹ ምልክት በራሱ ይነሣል። የቀረውን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ትጨርሰዋለህ። ሞረድ አያስፈልግም።

እኔ ብሆን አልነካውም። ግን ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር እይ። ፒፓውን አያትህ እንደሚይዙት አድርገህ ያዘው። ምልክቱ ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ ያዘነበለው? በየትኛው ጥርሳቸው ይይዙት እንደነበር ይነግርሃል። የጎድጓዳውን ከንፈርም እየው፤ አንድ ወገኑ ከሌላው ይበልጥ ያረረ ነው። ክብሪት ሁልጊዜ ከአንድ እጅ ስለሚመጣ ነው። ቀኝ ወገኑ ካረረ በቀኛቸው ይለኩሱ ነበር ማለት ነው፣ ግራው ከሆነ ግራኝ ነበሩ ይሆናል። እናትህን ጠይቃት፣ እሷ ታስታውሳለች። ያለችህን ጻፍልኝ፤ ብሎኑንም ካገኘኸው።